ጂንስ ለብሼ ቧሂት የወጣሁ ቀን

ሚያዝያ ላይ ጎንደር ይሞቃል። ፒያሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትወጡ አስፋልቱ ከታች፣ ፀሐይዋ ከላይ ትጠብሳችኋለች። ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጥላዋን እየተከተለ ወንበሩን ይጎትታል። እኛም «ስሜን እንሂድ» ያልነው እንዲህ ባለ ቀን፣ እንዲህ ባለ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነው። ሁለት ጓደኞቼና እኔ። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ከዓመታት በፊት ነው፣ ሰው መንገዱን ሳይጠይቅ ተነስቶ ይሄድ በነበረበት ጊዜ።

ቦርሳዬን ሳዘጋጅ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ጋቢ ያዝ» አለችኝ።

«እማዬ፣ በዚህ ሙቀት?»

«እኔ የማውቀው ስሜን ስሜን መሆኑን ነው» ብላ ሄደች። ጋቢውን አልያዝኩም። ይልቅ እሷ የቋጠረችልንን ዶሮ ወጥ በደንብ አድርጌ ያዝኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሹራብ፣ ሁለት ቲሸርትና መነጽር ነበር። እግሬ ላይ ጂንስ ሱሪና የሸራ ጫማ። አሁን ስጽፈው ራሴ አፍራለሁ።

ጥፋቴ ምን እንደነበር ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ስንፍና አልነበረም። ቅዝቃዜውን የለካሁት በቆምኩበት ቦታ ነበር፤ ላብ እያጠመቀኝ ስለ ብርድ ማሰብ አልቻልኩም። እስቲ ሒሳቡን እንስራው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ልንወጣው ያሰብነው የስሜን ተራሮች ጫፍ፣ ቧሂት፣ 4,430 ሜትር ነው። ልዩነቱ 2,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ፒያሳ ላይ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት ቧሂት ጫፍ ላይ 13 ነው። ይሄ እንግዲህ ነፋስ ሳይኖር፣ ሳይዘንብ፣ ደረቅ ልብስ ለብሳችሁ ነው። ሌሊቱን ደግሞ እናንተው ቀንሱት። ጎንደር ውስጥ ይሄን ሒሳብ የማይችል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የለም። ግን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማን ይቀንሳል?

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ኮሶዬ ላይ ወርደን ፎቶ ተነሳን፤ ደስ የሚል ነፋስ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት የከፈተ ልጅ «ዝጋው!» ተብሎ ተጮኸበት። ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንገባ መሽቷል፣ ከተማው በሙሉ ጋቢ ተከናንቧል። እኛ በቲሸርት። ሻይ ያቀረበችልን ልጅ «ከቆላ ነው የመጣችሁ?» አለች። ጎንደሬ ከቆላ መጣህ ሲባል እንዴት እንደሚያመው የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ የስሜን ተራሮች ፓርክ ቢሮ ከፍለን ስካውት ተሰጠን። ስካውት ማለት ጠመንጃ ይዞ አብሯችሁ የሚሄድ የአካባቢው ሰው ነው፤ ያለ እሱ መግባት አይቻልም። የኛው ከሃምሳ ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው ነበር። «አያ» እያልን ነው የጠራነው። መጀመሪያ ያየው ጫማችንን ነው። ቀጥሎ ሱሪያችንን። ከዚያ ወደ ሰማይ አየና ምንም አላለም።

በመኪና በሳንቃበር አድርገን ጭነቅ የሚባለው የድንኳን ሰፈር ገባን። ጭነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፣ ገደሉ አፍ ላይ። እዚያ አደርን፤ «አደርን» ካላችሁት። ከጎንደር ተነስቶ በሁለተኛው ሌሊት እዚያ ከፍታ ላይ መተኛት ራሱ ሌላ ስሕተት ነበር። ሦስታችንም ራሳችንን እያመመን ተገላብጠን ነጋ። ዛሬ ብሆን መጀመሪያ ሳንቃበር፣ 3,250 ላይ፣ አንድ ሌሊት አድር ነበር።

አያ ማታውን «12 ሰዓት እንነሳ» ብሎን ነበር። እሺ አልነው። 12 ሰዓት ላይ ድንኳኑን ሲነካካ ግን ማንም አልተነሳም። ስንነሳ እሳት አነደድን፣ ዶሮ ወጥ አሞቅን፣ ቡና አፈላን፣ ፎቶ ተነሳን። ሰማዩ ደግሞ እንዴት ያለ ነበር መሰላችሁ! አንድም ደመና የለበትም፤ በድንጋይ ብትመቱት ቃ የሚል ሰማይ። «አያ፣ እየው፣ ብራ ነው እኮ!» አልኩት። «አዎ፣ አሁን ብራ ነው» አለኝ። የተነሳነው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ከጭነቅ እስከ ቧሂት 800 ሜትር ዳገት አለ። ርቀቱ ብዙ አይደለም፣ ትንፋሹ ነው። አስር እርምጃ ሄዳችሁ ትቆማላችሁ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አልቆ የጓሳው ሣር ሲጀምር ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ወደ 6 ሰዓት ገደማ ዞር ብዬ ወደ ታች ሳይ ከገደሉ አፍ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ጉም ነው። የሚወርድ አይደለም፣ የሚወጣ ነው። ከቆላው፣ ከታች፣ ከሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ገደል ውስጥ፣ ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ከክዳኑ ሥር እንደሚያመልጠው።

አያም አየው። ፍጥነቱን ጨመረ። እኛ ግን ቆመን ቪዲዮ ቀረጽን፣ ምክንያቱም ያምራል።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና ያ ጉም ለምን እንደሚወጣ ልናገር፤ በዚያን ቀን ባውቀው ኖሮ ቪዲዮውን ትቼ እሄድ ነበር። ጠዋት ፀሐይ የገደሉን ግንብና ከሥሩ ያለውን ቆላ ታሞቃለች። የሞቀ አየር ይቀላል፣ ገደሉን ተጠግቶ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ወደ ጉም ይለወጣል። ይሄ በበጋም አለ። በታኅሣሥና በጥር ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጉሙ ትንሽ ተጫውቶ ይበተናል። ከመጋቢት መጨረሻ በኋላ ነገሩ ይለያል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት መግባት ይጀምራል። ጎንደር የበልግ አገር አይደለችም፣ ዝናባችን በአብዛኛው የክረምት ነው፣ ስለዚህ ይሄ እርጥበት ከተማው ላይ አንዳንድ ካፊያ ጥሎ ያልፋል። ተራራው ላይ ግን ያው እርጥበት በሞቃቱ አየር ተገፍቶ ገደሉን ሲወጣ ከሰዓት በኋላ ትልቅ፣ አናቱ የተቆለለ ጥቁር ደመና ይሆናል። ጠዋት ብራ፣ ቀትር ላይ ጉም፣ ከሰዓት ነጎድጓድና በረዶ፣ ማታ እንደገና ኮከብ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ይበልጥ የሚሸውደው ደግሞ ጠዋቱ በጣም ጥሩ መሆኑ ነው። ፀሐይዋ ጠንክራ በወጣች ቁጥር ገደሉም የዚያኑ ያህል ይሞቃል።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። 7 ሰዓት ላይ ጉሙ ደረሰብን። ከፊቴ የሚሄደው ጓደኛዬ ጀርባው ጠፋኝ። ነፋሱ ተነሳ፣ ቀጥሎ ወጨፎ መጣ፤ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመታህ። ከዚያ በረዶ። መጀመሪያ ሽምብራ አከለ፣ ቆይቶ ባቄላ። ጫፉ አርባ ደቂቃ ቢቀረን ነው። ከዚያ ብልጭ አለ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት ላይ ጎርነን አለ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ መብረቁ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው ብዬ ተናገርኩ፣ ትምህርቴን ለማሳየት። አያ አልቆጠረም። ገና ብልጭ ሲል ዞሮ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። (በኋላ እንዳነበብኩት ከሆነ የእሱ ነው ልክ። በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ቀድሞውኑ ቀርቧል፣ ገላጣ ጫፍ ላይ መቆየት የለባችሁም።)

«አያ፣ እዚህ ድረስ መጥተን?» ብዬ ጮህኩ።

ዞሮ እንኳ አላየኝም። «እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። እናንተ ከፈለጋችሁ ውጡ።»

ወረድን። ከሸንተረሩ ላይ አውጥቶ በጎን በኩል ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ወሰደን፤ ብቻውን ከቆመ ጅብራ እንድንርቅ፣ አንዳችን ከአንዳችን ተራርቀን እንድንሄድ እየነገረን። ከጓደኞቼ አንዱ ጅብራውን ተጠግቶ ለመጠለል ፈልጎ ነበር፣ እጁን ይዞ ጎተተው።

መብረቁ እየራቀ ሄደ፤ ብርዱ ግን ቀረ። ጂንስ ሲርስ ምን እንደሚሆን ያወቅኩት ያኔ ነው። ይከብዳል፣ እግር ላይ ይጣበቃል፣ አይደርቅም። ውሃ ከአየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ የረጠበ ጥጥ ለብሶ ነፋስ ላይ መቆም ማለት ልብስ አለመልበስ ማለት ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ። ከሦስታችን አንዱ፣ አፉ የማያርፈው፣ ከጎንደር ጀምሮ ሲቀልድ የመጣው፣ ዝም አለ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ስሙን ስጠራው መልሱ ተጎተተ፣ እንደ ሰከረ ሰው። እግሩ ደንጋይ እየመታ ይሄዳል። የፈራሁት ያኔ ነው። ሌላው ጓደኛችን ከቦርሳው አረቄ አወጣ። «ያሞቀዋል» አለ። አያ ጠርሙሱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። «ከሰፈር ስንደርስ፣ እሳት ዳር» አለ። ለምን እንደሆነ አላብራራም። እውነቱ ግን አረቄ የሚያሞቀው ቆዳን ነው። ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣዋል፣ ውስጡ ይበርዳል።

ከዚያ አያ ያንን አሮጌ ካፖርት አውልቆ፣ የልጁን የረጠበ ሹራብ አስወልቆ፣ ደረቱ ላይ ቆለፈለት። ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ ቆሎ አውጥቶ እፍኙን ሞላለት። «ብላ። እየሄድክ ብላ።» እሱ ራሱ በሸሚዝና በአንድ ነጠላ ቀረ። አሁንም ድረስ ይሄን ሳስብ ምን እንደምል አላውቅም።

መኪና መንገዱ ጋ ስንደርስ ከጃናሞራ በኩል የመጡ ሰዎች አገኘን። ቧሂትን ተሻግረው ወደ ደባርቅ የሚሄዱ ገበያተኞች ናቸው። አንዲት እናት ልጅ አዝላ፣ በላዩ የበግ ፀጉር ባና ደርባ፣ ማዳበሪያ ከረጢት አጥፋ እንደ ቆብ ደፍታ፣ በፕላስቲክ ጫማ በረዶውን እየረገጠች መጣች። ቆም ብላ አየችን።

«ምነው ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?»

«በረዶ መታን» አልኳት።

«እ... ያልፋል» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

እውነትም አለፈ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ጭነቅ ሳንደርስ፣ ጉሙ ተቀደደና ፀሐይ ወጣች፣ ካፊያው ግን አልቆመም። «ጅብ ወለደች» አለ አያ። በዚያ ቀን የቀለደው ያቺን ብቻ ነው። ጭላዶቹ ከተጠለሉበት ወጥተው ጠጉራቸውን ያራግፋሉ። ከላይ ደግሞ ቧሂት ነጭ ሆኗል። ጅብራዎቹ ነጭ ሜዳ ላይ ቆመዋል። ሰው ፎቶውን አይቶ «ስኖው ነው?» ይለኛል። አይደለም። ቋንቋችን ለሁሉም «በረዶ» ይላል፣ ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ላለውም፣ አውሮፓ ላይ ለሚጥለው ለስላሳውም። እውነተኛው ለስላሳ፣ አመዳይ የሚባለው፣ ስሜን ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ሰው «በረዶ ጣለ» የሚለው አብዛኛው ጠጠሩን ነው። ግን ያ ጠጠር ቁርጭምጭሚት ድረስ ሊቆለል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ላይ በሸራ ጫማ መሄድ ዘይት የፈሰሰበት ጠጠር ላይ እንደ መርገጥ ነው። አዱሊስ በሚባለው የጥንት የቀይ ባሕር ወደብ ላይ የነበረ አንድ የጥንት ንጉሥ ጽሑፍ አለ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለበጠው። ንጉሡ ስለ ስሜን ዘመቻው ሲናገር በረዶው ሰውን እስከ ጉልበት ያሰጥም እንደነበር ያወራል። ንጉሥ ትንሽ ያጋንናል እንበል። ግን ጽሑፉ ስለ ብርዱ ያጉረመርማል፣ እኔም በዚህ ከንጉሡ ጋር ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመልሻለሁ፣ ጫፉም ላይ ደርሻለሁ። አንዱ ጉዞ በጥቅምት ነበር፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው፤ ክረምቱ አየሩን አጥቦት፣ ሁሉ ለምልሞ፣ እሜት ጎጎ ከሚባለው ጫፍ ላይ ቆላው እስከ ማዶ ይታያል። ሚያዝያ ላይ ግን ሣሩ ደርቆ፣ አቧራና ጭስ አየሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያው ጫፍ ያየሁት ግራጫ መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ዝናብ ከዘነበ ማግስት ጠዋት ካልሆነ በቀር። ታዲያ ሰው «በፀደይ ሂድ፣ ያምራል» ካላችሁ የትኛውን ፀደይ እንደሆነ ጠይቁ። ቴሌቪዥኑ መስከረም በጠባ ቁጥር አበባውን እያሳየ «ፀደይ» ይላል። በባሕረ ሐሳብ ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ሌላ ቦታ የቃል ክርክር ነው። ስሜን ላይ ግን ልዩነቱ መብረቅ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያለውንም ትንበያ ተጠንቀቁ። በዚያን ጠዋት የኔው ለደባርቅ 22 ዲግሪና አንዲት ቢጫ ፀሐይ አሳይቶኛል። አልዋሸም። ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ቧሂት ከዚያ በላይ 1,500 ሜትር አለው፤ አስር ዲግሪ ቀንሱ። በዚያ ላይ ትንበያው ሰፊ ቦታን ባንድ ቁጥር ጠቅልሎ ነው የሚሰጠው፣ ገደሉ አፍ ላይ ስለሚሆነው ነገር ብዙም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ እዚያ የኖረ ሰው ነው። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ለዱር እንስሳቱ መልካም ይሆናል፣ እሱን አልከራከርም። እኔ የማስበው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ግጭ ላይ ገብስ ዘርቶ፣ በግ አግዶ፣ የትኛው ጉም እንደሚዘንብ የትኛው እንደሚበተን ሲለይ የኖረ ሽማግሌ አሁን ደባርቅ ጎዳና ላይ ተቀምጦ ማን ይጠይቀዋል?

አሁን ስሄድ ከ12 ሰዓት በፊት ነው የምነሳው፣ በጨለማ። 6 ሰዓት ላይ የትም ብሆን እዞራለሁ፤ ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቢቀረውም። ይሄን ሕግ ሁለት ጊዜ ጥሼዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ረጥቤያለሁ። ሱሪዬ ቶሎ የሚደርቅ ነው። ሹራቤ የሱፍ ነው፣ ሲርስም ትንሽ ያሞቃል። አንድ ሙሉ ቅያሬ በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ሁለት ፌስታል፣ አንዱ ሁልጊዜ ይቀደዳል። የዝናብ ኮት፣ ኮፍያ፣ በሶ። ለፊቴ ቅባት፣ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ ፀሐይዋ በደመና ውስጥም ትልጣለች፤ በበረዶ የተመታን ቀን ማታ የሦስታችንም አፍንጫ ቀልቶ ነበር። ጋቢ ደግሞ ለድንኳን ብቻ። እናቴ ልክ ነበረች፣ ግን ጋቢም ጥጥ ነው፣ ዝናብ ላይ ከለበሳችሁት በግ ተሸክማችሁ እንደ መሄድ ነው። ይሄን ለእሷ አልነገርኳትም።

ካፖርቱን በማግስቱ መለስንለት። ልጁ ማታውን እሳት ዳር ተቀምጦ ሻይ በስኳር ሲጠጣ ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ተመለሰለት፣ ቀጥሎ ወሬው። ያኔ ነው አያ ጠርሙሱን ከኪሱ ያወጣው።

ስልኩ አሁንም አለኝ። ባለፈው ሚያዝያ ጎንደር ላይ ሙቀቱ ሲያስመርረን ደወልኩለት። ሰላምታው ረዘም አለ፣ እንደ ልማዱ፤ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ገብሱ፣ የኔ እናት ጤና። በመጨረሻ «አያ፣ አየሩ እንዴት ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ወደ ሰማይ እያየ እንደሆነ ታወቀኝ።

«አሁን ብራ ነው» አለኝ።